ዕድሜን ከሲቲ ስካን ማንበብ

ጭምብሉ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነጭ የፕላስቲክ መረብ ነው። ቴክኒሻኗ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ታለሰልሰውና በጀርባው በተጋደመው ሕመምተኛ ፊት ላይ ትዘረጋዋለች። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩንና አንገቱን ተከትሎ እስከ ትከሻው ይለጠፋል። በጣቶቿ ጫን ጫን እያደረገች ጠርዙን ከጠረጴዛው ጋር ትቆልፈዋለች። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ቀዝቅዞ ይጠነክራል። ከዚህ በኋላ ሰውየው ራሱን ወደ የትም ማዞር አይችልም። ከምላሱ ሥር ወይም ቶንሲሉ ላይ ዕጢ ላለበት ሰው በዚህ ሁኔታ ምራቅ መዋጥ ራሱ ፈተና ነው። ጠረጴዛው ወደ ሲቲ ስካኑ ቀለበት ቀስ እያለ ይገባል፤ ብዙም ሳይቆይ ከራስ ቅል እስከ ደረት ያለው አካል በስስ በስሱ ተቆራርጦ ምስል ሆኗል።

ይህ ምስል የሚነሳው የሰውየውን ዕድሜ ለመገመት አይደለም፤ ጨረሩ የት ማረፍ እንዳለበት ለመወሰን ነው። የጨረር ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ውፍረታቸው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር የሆኑትን ቁራጮች አንድ በአንድ ይገልጣል። ዕጢው የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰፋ፣ የት እንደሚያበቃ በማውዝ ዙሪያውን ያሰምራል። አንገት ላይ ያበጡ ንፍፊቶች ካሉ እነሱንም ይከባል። ኅብለ ሰረሰሩን፣ መንጋጋውንና የምራቅ ዕጢዎቹን ደግሞ ከጨረሩ እንዲተርፉ ለየብቻ ያሰምራቸዋል። አድካሚ ሥራ ነው። ከዚያ ሕክምናው ይጀመራል። በተለመደው አሠራር 70 ግሬይ ጨረር ለ35 ጊዜ ተከፋፍሎ ሰባት ሳምንት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ይጨመርበታል።

ለረጅም ዘመን የዚያ መስመር አገልግሎት እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሕክምናው ሲያልቅ ምስሉም መስመሩም ወደ ማኅደር ይገባሉ። ማኅደሩ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ባለሙያ በእጁ የከበበው ዕጢ ነው። ሌላው የዚያ ሰው ቀጣይ ታሪክ ነው፤ ካንሰሩ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም፣ ሰውየው መቼ ሞተ ወይስ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ ድረስ በሕይወት ነበር። ሁለቱን ማገናኘት ቢቻል፣ ዛሬ ጭምብል ውስጥ ያለው ሰው ነገ ምን እንደሚገጥመው ከዛሬው ምስል ማንበብ ይቻል ይሆን? ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ብዙ ጎበዝ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ሠርተዋል። ያገኙት መልስ መጀመሪያ ከታሰበው በጣም የተለየ ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ልዩነት ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር ላጥራ። እዚህ የጉሮሮ ካንሰር የምለው ከአፍ ጀርባ ባለው ክፍል፣ በቶንሲል፣ በምላስ ሥርና በድምፅ ሳጥን አካባቢ የሚነሳውን ነው፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሌላ በሽታ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ደግሞ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቁጥር ሰንጠረዥ

ሲቲ ስካንን ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ ፎቶግራፍ ነው። በእርግጥ ግን የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ያነሳው በ1971 ነበር፤ በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። መለኪያው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በሃውንስፊልድ መለኪያ ውሃ 0 ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ አጥንት ብዙ መቶ ከዚያም በላይ። ዕጢ፣ ጡንቻና ደም በጠባብ ክልል ውስጥ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ስክሪኑ ላይ የምናየው ግራጫ ቀለም ኮምፒውተሩ ለዓይናችን ሲል ቁጥሮቹን ያለበሳቸው ነው። 42 የሆነችውን ነጥብ 47 ከሆነችው ጎረቤቷ ማንም ሐኪም በዓይኑ አይለያትም፤ ኮምፒውተር ግን ይለያታል።

ከማስትሪኽት፣ ኔዘርላንድስ፣ ፊሊፕ ላምቢንና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙት ጽሑፍ የተነሳው ከዚህ ነው። ከዕጢ ናሙና የሚወስድ መርፌ የሚያገኘው ቁንጣሪ ሥጋ ነው። ዕጢ ግን ወጥ አይደለም። አንዱ ጥግ ደም በደንብ የሚደርሰው፣ ሌላው ኦክስጅን ያጣ፣ መሀሉ የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ኦክስጅን ያጣው ክፍል ደግሞ ጨረርን በመቋቋም ይታወቃል። ምስል ግን ዕጢውን ከነሙሉ አካሉ፣ ያለ ቢላዋ ያሳያል። ስለዚህ ከምስሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልኬቶችን አውጥተን ከሕመምተኛው ዕጣ ጋር እናመሳክር አሉ። ዘርፉ ራዲዮሚክስ ተባለ።

ልኬቶቹ ምን ዓይነት ናቸው? አንዳንዶቹ ስለ ቅርጽ ናቸው፤ ዕጢው ድቡልቡል ነው ወይስ ቀንድ ያወጣ? ሌሎቹ ስለ ቁጥሮቹ ስርጭት ናቸው፤ አማካያቸው ስንት ነው፣ ምን ያህል ይራራቃሉ? በጣም ተስፋ የተጣለባቸው ግን ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ነበሩ። ሁለት እንጀራ ስፋታቸውም ቀለማቸውም አንድ ሆኖ፣ የአንዱ ዓይን እኩል ተበትኖ የሌላው ግን በአንድ ወገን ተጠራቅሞ በሌላው ወገን ዓይን አልባ ሊሆን ይችላል፤ የአቀማመጥ ልኬቶች የሚይዙት ይህን ዓይነቱን ልዩነት ነው። ዝብርቅርቅ ያለ ዕጢ ክፉ ዕጢ ነው የሚለው ሐሳብ ለሐኪም ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ አሁን በቁጥር ሊገለጽ ሆነ።

በ2014 ሁጎ አርትስ የመራው ቡድን ኔቸር ኮሙዩኒኬሽንስ ላይ ያሳተመው ጥናት ዘርፉን ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። ቡድኑ የሳንባና የራስና አንገት ካንሰር የነበረባቸውን 1,019 ሕመምተኞች ምስል መረመረ። ከእያንዳንዱ ዕጢ 440 ልኬት አወጣ። ከማስትሪኽት 422 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች በመነሳት አራት ልኬቶችን መርጦ አንድ ላይ አሰራቸውና ፊርማ ብሎ ጠራቸው። ከዚያ ያንኑ ፊርማ ምንም ሳይነካካ ሌሎች የሕመምተኛ ቡድኖች ላይ ሞከረው። ከሞከረባቸው ሕመምተኞች መካከል የራስና አንገት ካንሰር ያለባቸው ነበሩ። ከሳንባ የተማረው ፊርማ ጉሮሮ ላይም ሠራ። እንዲያውም ከሳንባው ይልቅ በራስና አንገቱ ላይ የተሻለ ነጥብ አስመዘገበ፦ በሳንባ 0.65፣ በራስና አንገት 0.69።

እነዚህን ቁጥሮች ለማንበብ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥናቱ ሁለት ሕመምተኞች ውሰዱ። ኮምፒውተሩ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚሞት ይናገር። ከዚያ እውነተኛውን መዝገብ ተመልከቱ። ይህን በሚነጻጸሩት ጥንዶች ሁሉ ላይ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩ ስንቱን በትክክል እንዳለ ስትቆጥሩ የሚገኘው ድርሻ ሲ-ኢንዴክስ ይባላል። ሳንቲም እየወረወረ የሚገምት ሰው 0.5 ያገኛል፤ ከቶ የማይሳሳት 1። ስለዚህ 0.69 ማለት ከአንድ መቶ ጥንድ 69ኙን ማወቅ፣ 31ዱን መሳት ነው። ከግምት እጅግ ይሻላል። የአንድን ሰው ዕድሜ ማወቅ ግን አይደለም።

ያኔ ብዙዎችን ያስደመመው ከሳንባ ወደ ጉሮሮ መሻገሩ ነበር። ሁለቱ ካንሰሮች መነሻቸውም ሕክምናቸውም ይለያያል። ፊርማው በሁለቱም ከሠራ የካንሰርን የጋራ ጠባይ፣ ያንን የውስጥ ዝብርቅርቅነት፣ አግኝቶታል ማለት ነው ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ከማስትሪኽት የመጡ ተመራማሪዎች ቶሮንቶ በታከሙ 542 የጉሮሮ ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ሞከሩት። ነጥቡ ወደ 0.63 ቢወርድም መሥራቱን ቀጠለ።

ቶሮንቶ ውስጥ የተዘበራረቀው ዕጢ

ካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ፕሪንሰስ ማርጋሬት የካንሰር ማዕከል። ማቴያ ዌልች የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ፊርማውን ከውስጥ ሊያዩት ተነሱ። ውጤቱ በ2019 ታተመ። በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ሥራዎች ሁሉ እንደዚህኛው ልቤን የነካው የለም፤ ምክንያቱም ሙከራው በጣም ቀላል ነው።

የዕጢው ዙሪያ መስመር እንዳለ ይቀመጥ። ቅርጹም መጠኑም አይነካ። በመስመሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን በዘፈቀደ ይዘበራረቁ። 42 የነበረበት ቦታ ሌላ ቁጥር ይግባ፣ የሞተው መሀል ከሕያው ጠርዝ ጋር ይደባለቅ። በዚህ መንገድ የዕጢው ውስጣዊ ገጽታ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ራዲዮሎጂስት ቢያየው ዕጢ ሳይሆን ምልክት ያጣ ቴሌቪዥን የሚያሳየውን ዓይነት ነጥብጣብ ያያል። ፊርማው የሚያነበው የውስጥ ዝብርቅርቅነትን ከሆነ አሁን መውደቅ አለበት።

አልወደቀም። ቁጥሮቹ ከተዘበራረቁ በኋላም የመተንበይ አቅሙ ያው ሆኖ ቆየ።

ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ከአራቱ ልኬቶች አንዱ ኢነርጂ ይባላል። አሠራሩ በዕጢው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዝቶ ሁሉንም መደመር ነው። እንግዲህ ዕጢው በእጥፍ ሲተልቅ የሚደመሩት ነጥቦች በእጥፍ ይበዛሉ፤ ድምሩም ወደ እጥፍ ያድጋል፤ ውስጡ ወጥ ይሁን ዝብርቅርቅ ለውጥ የለውም። የአቀማመጥ ልኬት ተብለው የተመረጡት ሁለቱም ቀመራቸው ሲፈታ ከነጥቦቹ ብዛት ጋር አብረው ያድጋሉ። ፊርማው በአመዛኙ ሲለካ የኖረው የዕጢውን መጠን ነበር። የዕጢውን መጠን ብቻ ወስደው ሲተነብዩበትም ከፊርማው ጋር ተቀራራቢ ነጥብ ሰጠ። ከሳንባ ወደ ጉሮሮ የመሻገሩ ምስጢርም ይኸው ነው፤ ትልቅ ዕጢ በሳንባም በጉሮሮም ከትንሽ ዕጢ የባሰ ነው።

ይህን ታሪክ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ እንደ ውድቀት ይተርኩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የዌልች ጽሑፍ ላይ ከፈረሙት ተመራማሪዎች መካከል ሁጎ አርትስ ራሱ አለ። የማስትሪኽት ሰዎችም አሉበት። የመጀመሪያው ጥናት ምስሎች ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ተደርገው ስለነበር ነው ሌላው ሊመረምራቸው የቻለው። ሥራቸውን ለፈተና የሰጡ፣ ፈተናውንም አብረው የፈተኑ ሰዎች ናቸው። ሰውን በሚመለከት ትንቢት ከዚህ ያነሰ ታማኝነት ሊፈቀድ አይገባም።

መጠን ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ሐኪሞች የቶንሲል ወይም የምላስ ሥር ዕጢን ደረጃ ሲያወጡ በዋናነት የሚለኩት ረጅሙን ስፋቱን ነው፤ እስከ 2 ሴንቲሜትር አንደኛ፣ ከ2 እስከ 4 ሁለተኛ፣ ከ4 በላይ ሦስተኛ። ነገር ግን 2.1 ሴንቲሜትር የሆነ ድቡልቡል ዕጢና 4 ሴንቲሜትር የሆነ ዕጢ ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃ ሲባሉ፣ የኋለኛው በይዘቱ ከፊተኛው ሰባት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በውስጡ ያሉት ሊገደሉ የሚገባቸው የካንሰር ሕዋሳትም በዚያው ልክ ይበዛሉ። ሐኪሙ ለጨረር ዕቅድ ብሎ ያሰመረው መስመር ይህን ይዘት ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሰጣል። ብዙ ቦታ ማንም አይጽፈውም።

ቅነሳ ሰው የሚገድልበት ቦታ

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ሆኖ የሚቀር ነገር ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ ባላመጣሁት። ጉዳዩ ሰው የሚታከምበትን መጠን ይነካል።

የጉሮሮ ካንሰር መነሻው በአብዛኛው ትምባሆና አልኮል ነበር። ባለፉት አሥርት ዓመታት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሌላ መነሻ ገዝፎ ወጣ፤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወይም በአጭሩ ኤችፒቪ። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ያው ቫይረስ ነው፤ በኢትዮጵያም ከ2018 ማብቂያ ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባቱ ይሰጣል። ኪያን አንግና ባልደረቦቹ በ2010 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ዕጢያቸው ቫይረሱ ያለበት የጉሮሮ ካንሰር ሕመምተኞች ከሦስት ዓመት በኋላ 82.4 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ነበሩ፤ ቫይረሱ ከሌለባቸው ግን 57.1 በመቶው። አጥኚዎቹ የቫይረሱን መኖር፣ ሰውየው ያጨሰውን የሲጋራ ብዛት፣ የዕጢውንና የአንገት ንፍፊቶቹን ደረጃ ብቻ ይዘው ሕመምተኞቹን በሦስት ከፈሏቸው። ዝቅተኛ አደጋ ካለባቸው በሦስት ዓመት 93 በመቶ፣ ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው 46.2 በመቶ ተረፉ። ይህ ሁሉ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው።

93 በመቶው የሚተርፍ ቡድን ሲገኝ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው። እነዚህን ሰዎች በሙሉ ኃይል ማከም ለምን አስፈለገ? ሕክምናው የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ሳይመለስ ይቀራል፣ ጥርስ ይበላሻል፣ አንዳንዱ ሰው ደረቅ ምግብ ያለ ውሃ ዳግም አይውጥም። ኤችፒቪ ያለባቸው ሕመምተኞች ደግሞ በዕድሜ ለጋ ስለሆኑ ይህን ይዘው ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ስለዚህ ሲስፕላቲንን ትቶ ይቀላል በተባለው ሴቱክሲማብ መተካት ታሰበ። በተለይ በብሪታንያ የተካሄደውና 334 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ዲ-ኤስካሌት የተባለው ሙከራ ይህን ፈተሸ። በሁለት ዓመት ሲስፕላቲን ከወሰዱት 97.5 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ሴቱክሲማብ ከወሰዱት 89.4 በመቶው። ጎጂ ጎኑም እንደታሰበው አልቀነሰም። በሰሜን አሜሪካ የተካሄደ ሌላ ትልቅ ሙከራም ሴቱክሲማብ እንደሚያንስ አረጋገጠ።

ስለዚህ ሕክምና ለመቀነስ ዝቅተኛ አደጋ አለባቸው የተባሉትን በጅምላ መያዝ አይበቃም፤ ከውስጣቸው የትኛው በእርግጥ እንደሚችለው መለየት ያስፈልጋል። ምስል ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ምስልን በስህተት ማንበብ ሰው የሚገድለውም እዚሁ ላይ ነው።

ታዲያ ዛሬ የት ተደርሷል? ፕሪንሰስ ማርጋሬት 2,552 የራስና አንገት ካንሰር ሕመምተኞችን መዝገብና ምስል ይዞ የትንበያ ውድድር አዘጋጀ፤ ውጤቱ በ2023 ታተመ። ዐሥራ ሁለት ሞዴሎች ቀረቡ። አንዳንዶቹ ምስሉን እንዳለ የሚውጡ ጥልቅ የነርቭ መረብ ሞዴሎች ነበሩ፣ አንዳንዶቹ የራዲዮሚክስ ልኬቶችን የሚጠቀሙ። ያሸነፈው ግን የሕመምተኛውን የሕክምና መዝገብና የዕጢውን ይዘት ብቻ ይዞ በብልሃት የሠራው ነበር። ሄክቶር በሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ በ2022 ከዘጠኝ ማዕከላት የተሰበሰቡ 883 ሕመምተኞች ፔት የሚባለው ሌላ ስካንና የሲቲ ምስል ቀርቦ፣ ካንሰሩ መመለሱን በመተንበይ አንደኛ የወጣው ቡድን ያገኘው ሲ-ኢንዴክስ 0.682 ነበር።

ቁጥሮቹ ለምን ከዚህ አላለፉም የሚለው ላይ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ለእኔ ከሁሉም ይልቅ ክብደት አለው። በሕይወት መትረፍ ራሱ የተደበላለቀ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ያጨሰ ሰው የጉሮሮ ካንሰሩ ድኖለት በልቡ ወይም በሳንባው ሊሞት ይችላል፤ ያንን የጉሮሮ ዕጢ ምስል ከየት ያውቀዋል? የሞንትሪያል ተመራማሪዎች በ2017 ከአራት የኩቤክ ሆስፒታሎች የመጡ 300 ሕመምተኞችን ሲያጠኑ ጥያቄውን ለያይተው ጠየቁ። ካንሰሩ እዚያው አንገት ላይ ይመለሳል ወይ የሚለውን ምስሉ መካከለኛ በሆነ ደረጃ ብቻ ተነበየ። ወደ ሩቅ አካል ይሠራጫል ወይ የሚለውን ግን በጣም በተሻለ ሁኔታ። ሐኪም በእጁ ሊሠራበት የሚችለው መልስም ይህ ሁለተኛው ነው። የሚሠራጭበት ሰው በደም ውስጥ የሚዘዋወር መድኃኒት ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ የማይሠራጭበት ምናልባት ሊቀርለት ይችላል። መቼ ትሞታለህ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ምን ልስጥህ የሚለው ጥያቄ ለምስሉም ለሰውም የሚስማማ ይመስለኛል።

ሌላው እንቅፋት ጥርስ ነው። በብረት የተሞላ ጥርስ ኤክስሬይን ይበትናል፤ ሲቲ ስካኑ ላይ ከአፍ ወደ ኋላ የሚፈነጥቁ ነጭና ጥቁር ጭረቶች ይወጣሉ፤ ቀጥ ብለው የሚያልፉትም ቶንሲልና ምላስ ሥር ላይ ነው። ሐኪም አይቶ ይዘለዋል። የአቀማመጥ ልኬት ግን የጥርስ ሙሌትን ከዕጢ ጠባይ አይለይም። የማሽኑ ዓይነት፣ የቁራጩ ውፍረት፣ የንፅፅር መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓትም እንዲሁ ቁጥሩን ይለውጣሉ። ቢያንስ የልኬቶቹ አሰላል አንድ ዓይነት እንዲሆን በበርካታ አገራት የሚገኙ 25 የምርምር ቡድኖች ለዓመታት ተባብረው በ2020 ለ169 ልኬቶች አንድ ወጥ ቀመር አጽድቀዋል። ስሙን ማንም የማያነሳው፣ ግን ያለ እሱ ምንም የማይቆም ሥራ ነው።

ለሕመምተኛው የሚደርሰው

ከዚህ ሁሉ ወጥቶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ቁጥር ቢኖር ለማን ይነገራል? በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ክፉ ዜና ለሕመምተኛው ከመነገሩ በፊት ለልጆቹ ወይም ለታላቅ ወንድም ይነገራል፤ አንዳንዴም ለእሱ ከቶ አይነገርም። ውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦችም ለአባታቸው ሲያስተረጉሙ ሐኪሙ ያለውን በመቶኛ ትተው ይበረታል ብሎናል የሚሉበት ጊዜ አለ። እኔ ልጆቹን አልወቅስም። ነገር ግን የቡድን ቁጥር የግለሰብ መርዶ አለመሆኑን ማወቅ ለሁሉም ይረዳል። 70 በመቶ ማለት እሱን ከሚመስሉ መቶ ሰዎች ሰባዎቹ ማለት ነው፤ እሱ ከሰባዎቹ ይሁን ከሠላሳዎቹ ቁጥሩ አያውቅም። ሐኪሙም አያውቅም። ቁጥሩ ጥቅም የሚኖረው የሚቀጥለውን ውሳኔ ሲለውጥ ብቻ ነው። መድኃኒት ይጨመር? ክትትሉ በየሦስት ወሩ ይሁን? ማጨስ ማቆሚያ እርዳታ ዛሬውኑ ይጀመር? ምንም ውሳኔ የማይለውጥ ቁጥር ከሆነ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ባይናገረው እመርጣለሁ።

በማስትሪኽት ወይም በቶሮንቶ የተማረ ሞዴል አዲስ አበባ ቢመጣስ? እዚያ የሠለጠነው ቫይረሱ በብዛት ባለበት፣ ሕመምተኛው በጊዜ በሚደርስበት አገር ነው። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ ወረፋውን የሚያውቅ ሰው ሲቲ ስካኑ በተነሳበት ቀንና ሕክምናው በተጀመረበት ቀን መካከል ዕጢው ሊያድግ እንደሚችል አይጠፋውም። ያረጀ ምስል ላይ የተሠራ ትንበያ የሚተነብየው ሌላ ዕጢ ነው። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው መዋጥ ካስቸገረ በኋላ ነው፤ ለእሱ የውጭውን የጉሮሮ ሞዴል ማዋስ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ የተሻገረውን የዚያን ፊርማ ታሪክ መድገም ይሆናል።

የራሳችንን መጀመር ግን የማይቻል አይደለም፤ መጀመሪያ መታለፍ ያለበት ነገር ፊልሙ ነው። ብዙ ሕመምተኛ ሲቲ ስካኑን በትልቅ ፖስታ ውስጥ በታተመ ፊልም ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራል። ፊልሙ ላይ ያለው ግራጫ ቀለም ብቻ ነው፤ የሃውንስፊልድ ቁጥሮቹ ሲታተሙ ጠፍተዋል፤ ቁራጮቹም ተመርጠው ነው የታተሙት። ከዚያ ላይ የዕጢ ይዘት በአግባቡ መለካት አይቻልም። ዋናው ዲጂታል ፋይል ብዙ ጊዜ በማሽኑ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጥና ቦታ ሲሞላ ይሰረዛል። እሱን ማስቀመጥ የሚፈልገው የሃርድ ዲስክ ዋጋና እንዳይሰረዝ የሚል ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛው የሚያስፈልገው የዕጢው መስመር ነው፤ ዕቅድ በኮምፒውተር በሚሠራበት የጨረር ማዕከል ሁሉ ሐኪሙ አሁንም እያሰመረው ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ሰውየው ከሕክምናው በኋላ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ከ2011 ጀምሮ አለ፤ የልደትና የሞት የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በአገር ደረጃ ከ2016 ጀምሮ ይሠራል። ነገር ግን ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ገጠር የተመለሰ ሰው ከቀጠሮው ሲቀር መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ቀረ የሚል ነው። ሞቶ ይሁን ድኖ አይታወቅም። ስታትስቲክሱ እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች ጠፍተዋል በተባሉበት ቀን ቆርጦ የሚያስገባበት ስልት አለው፤ የጠፉት ሲበዙ ግን፣ በተለይ የጠፉት የባሰባቸው ከሆኑ፣ ስልቱ ሁሉንም ሰው ከእውነቱ በላይ ጤነኛ አስመስሎ ያሳያል። ስለዚህ ለአንድ ሆስፒታል የምመክረው ግዢ ሞዴል አይደለም። በየስድስት ወሩ ለሕመምተኛው፣ እሱ ባይነሳ ለወንድሙ፣ ወንድሙ ባይነሳ ለጎረቤቱ የምትደውል አንዲት ነርስ ትመደብ፣ ስልክ ቁጥሮቹ ሦስቱም ጭምብሉ በሚሠራበት ቀን ይመዝገቡ፣ የዕጢው ይዘትም በኩቢክ ሴንቲሜትር ተለክቶ ከስሙ ጎን ይጻፍ።